ጥፋቱ የልጄ አልነበረም

ምግብ ቤቴን የምታውቁ ሰዎች ይህን ስታዩ «እሷ ስለ ሽሮና ስለ ክትፎ ብትጽፍ ይገባናል፤ ስለ ኮምፒዩተር ደግሞ ምን አገባት?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። አገር ቤት ሁለት ዓመት አካውንቲንግ ተምሬ ሳልጨርስ የወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ከድስት አጠገብ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ግን ባለፈው የብርድ ወራት በቤታችን የደረሰውን ነገር ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልፈለግሁም። ብዙዎቻችሁ ቤት ያው አሮጌ ኮምፒዩተር አለ፣ ያው ልጅ አለ፣ ቶሎ የሚቆጣ ወላጅም አይጠፋም።

የኛ ኮምፒዩተር ያለው ከምግብ ቤቱ ኋላ፣ የጤፍ ከረጢቶቹ ካሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ቀን እኔ የዕቃ ግዢና የሠራተኛ ሰዓት እመዘግብበታለሁ። ማታ የ16 ዓመቱ ልጄ የትምህርት ቤት ሥራውን ይሠራበታል። የተገዛው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ሲያበቃ፣ የኛ ማሽን ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም ተባለ። አዲስ ልግዛ ብል ደግሞ በዚያው ሰሞን የትልቁ ፍሪጅ ሞተር ተቃጠለብኝ። የእህቴ ልጅ መጥቶ «አክስቴ፣ አትጣይው፤ ሊኑክስ ልጫንልሽ» አለኝ።

ሊኑክስን ለማታውቁት፣ ዊንዶውስ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ፣ ግን በነጻ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀመረው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች እየጨመሩበት እዚህ ደረሰ። አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ከሥሩ ያለው እሱ ነው። የእህቴ ልጅ የጫነልን ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ዓይነት ሲሆን፣ መልኩ ከዊንዶውስ ብዙም አይርቅም፤ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። መጀመሪያ ሲጭነው ስክሪኑ ጥቁር እየሆነ አስቸገረው። ከዚያ ማስነሻው ላይ አንዲት ቃል ጽፎ አስነሳውና «በቃ ሠራ» ብሎ ሄደ። ያቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለት ወር ያህል በሰላም ሠራን። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። የወንድሜ ልጅ ደሴ ላይ ተሞሽሮ የሠርጉን ቪዲዮ ላኩልኝ። ብከፍተው ቆም ቆም ይላል። እናቴ እልል ስትል መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ አፏ የሚከፈተው ቆይቶ ነው። እናቴን ካየኋት ስድስት ዓመት ሆኖኛልና አንጀቴ አልቻለም። አንድ ደንበኛችን ቡና እየጠጣ ስነግረው «እትዬ፣ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ አንሶት ይሆናል፤ ይጨምሩለት» አለኝ። የት ገብቼ እንደምጨምር በናፕኪን ላይ ጻፈልኝ። ልጁ ክፋት የለበትም፣ ሊረዳኝ ብሎ ነው።

እሑድ ማታ ምግብ ቤቱን ዘግተን ሁሉም ከሄደ በኋላ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ሲነሳ ዴሊት የምትባለዋን ቁልፍ ደጋግሜ ስጫን ባዮስ የሚሉት ሰማያዊ ገጽ መጣ። ስፈልግ ቆይቼ «ዩኤምኤ ፍሬም በፈር ሳይዝ» የሚል መስመር አገኘሁ። «አውቶ» ይላል። ስከፍተው ምርጫዎች ተደርድረዋል፤ 64 ሜጋባይት፣ 128፣ 256፣ 512፣ 1 ጊጋባይት፣ 2 ጊጋባይት። እኔ ባለ ምግብ ቤት ነኝ፤ ለእንግዳ ስሰጥ ትልቁን ነው። 2 ጊጋባይት ላይ አድርጌ ወጣሁ። ቪዲዮውን ስከፍተው ያው ቆም ቆም ይላል። ተናድጄ አጠፋሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እንደ ነበረም አልመለስኩትም። ረሳሁት።

በማግስቱ ማታ ልጄ «እማዬ፣ ብራውዘሩ በራሱ ተዘጋ» አለኝ። «እንደገና ክፈተው» አልኩት፤ ሰው ተሰልፎ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ እንዲሁ አለኝ። ሦስተኛውን ጊዜ ግን የነገረኝ እሱ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። በሰዓት የተወሰነ የታሪክ ፈተና በኮምፒዩተር ይሠራ ነበርና፣ ግማሹን ጥያቄ ሳይመልስ ማቆሙን የሚገልጽ ኢሜይል መጣልኝ። ልጄን ጠየቅሁት። «ስክሪኑ ደረቀ፣ ከዚያ ብራውዘሩ ጠፋ» አለ። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ የእግር ኳስ ጌም እንዳለ አውቃለሁ። «ጌም ስትከፍት ነው የሚዘጋው! እኔን ሞኝ አደረግኸኝ?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ያውም ሠራተኞቹ እየሰሙ።

«እኔ አይደለሁም፣ እማዬ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። እኛ ደግሞ ልጅ ዝም ሲል ጥፋቱን አመነ ብለን ነው የምንወስደው። ጌሙን አስጠፋሁት። የቅዳሜውን የእግር ኳስ ልምምድም ከለከልኩት። ሦስት ቅዳሜ ቤት ዋለ። ማታ ማታ ኋላ ክፍል መምጣቱን ትቶ ላይብረሪ መሄድ ጀመረ። እራት ሲቀርብለት ይበላል፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል፣ ሳህኑን አጥቦ ክፍሉ ይገባል። ምንም አጥፍቷል የምለው ነገር የለም፤ ግን ቤቱ ቀዘቀዘ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ማታ፣ ብቻዬን የሠራተኞቹን ሰዓት እየመዘገብኩ ሳለሁ ስክሪኑ ደረቀ። ማውሱ አይንቀሳቀስም። ከዚያ የመዝገቡ ገጽ ከነሰንጠረዡ እልም አለ። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው አልነበረም። ጌሙም ከጠፋ ቆይቷል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። አሁን ማንን ልቆጣ?

በነጋታው ልጄን ጠራሁት። «እኔም ላይ ተዘጋ፤ እስቲ እየው» አልኩት። ይቅርታ አላልኩም፤ ገና አልደረስኩበትም። ተቀመጠና ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፈተ። «ፍሪ» ብሎ ጻፈ፤ በእንግሊዝኛ ነጻ ወይም ክፍት ማለት የሆነችው ቃል ናት። ቀጥሎ ክፍተት፣ ሰረዝና ኤች የምትለዋን ፊደል ጨመረ። የማሽኑ ሜሞሪ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተያዘ የሚያሳይ ትንሽ ሰንጠረዥ መጣ። ልጄ ቁጥሩን አይቶ ወደኔ ዞረ።

«እማዬ፣ ይሄ ኮምፒዩተር 4 ጊጋባይት ነው አይደል? እዚህ ጠቅላላው 1.9 ነው የሚለው። ሌላው የት ሄደ?»

የት እንደሄደ አወቅሁ። እዚያው ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ።

ነገሩን እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ልንገራችሁ። አርብ ማታ ነው በሉ፤ ምግብ ቤቴ 20 ጠረጴዛ አለው። አንድ ሰው ደውሎ 10 ጠረጴዛ ያስይዛል። ካርድ አስቀምጬበታለሁ፣ ማንንም ማስቀመጥ አልችልም። በር ላይ ሰው በብርድ ቆሟል፣ ውስጥ አሥር ጠረጴዛ ባዶውን ነው። እንደኛ ያለ ኮምፒዩተር ላይ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከዋናው ላይ ነው የሚቆረጥለት። በባዮስ ውስጥ የምንሰጠው ቁጥር ያ የማስያዣ ካርድ ነው። ግራፊክሱ ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም ሌላው ፕሮግራም አይነካውም። እኔ «ጨመርኩለት» ብዬ ያሰብኩት ከልጄ ፈተና፣ ከኔም መዝገብ ላይ የወሰድኩት ነው። ሊኑክስ ሚንት በትንሹ 2 ጊጋባይት ይፈልጋል፣ በደንብ እንዲሠራ ደግሞ 4 ይመከራል። እኛ ከትንሹም በታች ወርደን ነበር።

ሜሞሪ ጨርሶ ሲያልቅ ሊኑክስ ዝም ብሎ አይሞትም። ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ በግድ ይዘጋል፣ ሌላው እንዲተርፍ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ብራውዘሩ ነው። ይህን ባደረገ ቁጥርም መዝገብ ላይ ይጽፋል። ልጄ መዝገቡን አወጣው። «ሜሞሪ አለቀ፣ ይህን ፕሮግራም ገደልኩ» የሚል የእንግሊዝኛ መስመር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ያ ሰኞ ነው፤ እኔ ባዮስ የገባሁበት እሑድ ማግስት። ከዚያ በፊት አንድም የለም። የታሪክ ፈተናው ማታም አለ፤ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 8፡47። ልጄ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ «ይኸው» አለ። አልተቆጣም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ለእህቴ ልጅ ደወልን። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቀ። «አክስቴ፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ጥግ ላይ የሚመጣ ማስታወቂያ አለ?» አዎ፣ ሁልጊዜ ይመጣል፤ የቪዲዮ ድራይቨራችሁን አረጋግጡ የሚል ነገር ነው። ሁልጊዜ ሳላነብ ነው የምዘጋው። ልጄ «ኢንክሲ» የምትባል ትእዛዝ ከሰረዝና ከትልቁ ጂ ጋር ጻፈ። ሥዕሉን የሚሠራው ማን እንደሆነ ሲናገር «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» አለ። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ «ወይኔ!» አለ።

ምን ማለት መሰላችሁ? ግራፊክሱ ጭራሽ ሥራ ላይ አልነበረም። ያን ቀን ሲጭነው የጻፋት ቃል «ኖሞድሴት» ትባላለች፤ ለሊኑክስ «የግራፊክስ ድራይቨሩን አታስነሳ» ማለት ናት። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ለጊዜው ትጠቅማለች፤ እሱ ግን ማውጣቱን ረሳ። ስለዚህ ያን ሁሉ ጊዜ ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ብቻውን ነበር፤ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ገንዘብ ተቀባይዋ ወጥም ትሥራ እንደማለት ነው። የእናቴ እልልታ የዘገየው ለዚህ ነው። እኔ አሥር ጠረጴዛ ያስያዝኩት ለማይመጣ እንግዳ ነው።

ሥራውን በአንድ ማታ ጨረስን። መጀመሪያ ባዮስ ገብተን ከ2 ጊጋባይት ወደ 256 ሜጋባይት አወረድነው። ከመንካታችን በፊት ልጄ ገጹን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ስንመለስ ጠቅላላው 3.6 ሆነ። ከዚያ ያቺን ቃል ለአንድ ጊዜ ብቻ አጥፍተን አስነሳነው፤ ስክሪኑ ጥቁር ቢሆን እንኳ እንደገና ስናስነሳው ወደ ነበረበት እንዲመለስ ነው። ጥቁር አልሆነም፤ በመሀሉ የተጫኑት ማሻሻያዎች ችግሩን ሳይፈቱት አልቀሩም። ሲረጋገጥ ለዘለቄታው አወጣናት። ጥግ ላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ጠፋ። ኢንክሲም የግራፊክሱን ስም ጠርቶ ነገረን። ድራይቨሩ ሲሠራ ደግሞ 256ቱ ቢያንሰው ከዋናው ሜሞሪ ላይ ይበደራል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ መስጠት እንጂ ቀኑን ሙሉ ባዶ ማስያዝ አያስፈልግም ማለት ነው።

እንግዲህ የቀረው የኔ ሥራ ነው። እናቴ ስታጠፋ ይቅርታ ብላኝ አታውቅም። ከወጡ ውስጥ ምርጡን ሥጋ መርጣ ታጎርሰኝ ነበር፤ እኔም ይገባኝ ነበር። ያን ማታ ለልጄ የሚወደውን ጥብስ ፍርፍር ሠርቼ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኩት። አኝኮ ዋጠና «እማዬ፣ በጣም ይጣፍጣል። ግን አላልሽውም» አለኝ።

እውነቱን ነው። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ጉርሻውን ይወዳል፣ ውስጡ ያለውን ቃል ግን አይሰማውም። እኛ ተናገርን ብለን እንተኛለን፣ እሱ ሳይሰማ ይተኛል። ስለዚህ አልኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልጠይቅህ ፈረድኩብህ። ሰው ፊት ጮኽኩብህ። ይቅርታ አድርግልኝ።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ፤ ሃምሳ ዓመት ያልተለመደ ነገር ነው። እሱ ትከሻውን ነቀነቀና «እሺ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ለነሱም ትነግሪያቸዋለሽ?» አለኝ። ሠራተኞቹን ማለቱ ነው። በማግስቱ ነገርኳቸው። ለታሪክ አስተማሪውም ከመዝገቡ ያንን መስመር ጨምሬ ጻፍኩ፤ እንደገና እንዲፈተን ፈቀዱለት። ሦስቱን ቅዳሜ ግን ልመልስለት አልችልም።

እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም፣ እኛ ከከፈልነው ዋጋ ይህን ውሰዱ። ኮምፒዩተሩ ቀርፋፋ ሲሆን ወይም ፕሮግራም በራሱ ሲዘጋ መጀመሪያ ለኩ። ጠቅላላው ሜሞሪ ከተገዛው በጣም ካነሰ፣ ባዮስ ውስጥ ለግራፊክስ የተያዘውን ተመልከቱ። አነስተኛ ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ «አውቶ» ወይም ትንሹ ቁጥር ይበቃል። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ግን የራሱ ሜሞሪ ከላዩ ላይ ስላለው በሴቲንግ አይጨመርም፤ አትድከሙ። ቪዲዮ ቆም ቆም ካለ፣ ሜሞሪ ከመጨመራችሁ በፊት ድራይቨሩ መሥራቱን አረጋግጡ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከመቀየራችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የቀየራችሁትንም ጽፋችሁ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ለጥፉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልበቃ ራም መጨመር ነው፤ ዲዲአር3 የሚወስድ ማሽን ዲዲአር4 አይቀበልምና ዓይነቱን አይታችሁ ግዙ። ጥግ ላይ የሚመጣውንም ማስታወቂያ አንብቡት።

ልጅ «እኔ አይደለሁም» ሲል ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ። እውነቱን ነው ሐሰቱን ነው የምታውቁት ከፈለጋችሁ በኋላ ነው።

የሠርጉን ቪዲዮ ባለፈው እሑድ አብረን አየነው። እናቴ እልል ስትል አፏና ድምፅዋ እኩል መጣ። ልጄ አንዴ አስቁሞ «ይቺ አያቴ ናት? ያኛውስ ማነው?» እያለ ጠየቀኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር ስንነሳ። ከኮምፒዩተሩ ጎን ግድግዳው ላይ አሁን አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፤ በልጄ እጅ በአማርኛ የተጻፈች ናት። «ከመንካትሽ በፊት ጥሪኝ» ትላለች።

ሰላም ክረሙ።